ከመሰላ እስከ ኦቦክ፦ ስደተኛን የተቀበሉ ስደተኞች

ይኸውላችሁ፣ ጊዜው መስከረም 2010 ዓ.ም ነው። ዓመቱ ገና መጥባቱ፣ በምዕራብ ሐረርጌ በጨርጨር ተራሮች ማሽላው ገና አልደረሰም። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን የፈነዳው ግጭት ከጅጅጋና ከአካባቢዋ ከተሞች ሰዉን ነቅሎ በጭነት መኪና ላይ ጫነው። መኪናው ሐረርን አልፎ በቁልቢ፣ በጨለንቆ፣ በሂርና አድርጎ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ዘለቀ። አንዱ ቺሮ ላይ ወረደ። ሌላው ዘመድ አለኝ ብሎ ወደ አያቶቹ ቀዬ ቀጠለ፤ ቀዬውን በስም እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። ሱቁን ቆልፎ የወጣ ነጋዴ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ አለ፤ ሱቁ ግን የለም። እናት ልጆቿን ትቆጥራለች፤ አንዱ ይጎድልባታል፤ እንደገና ትቆጥራለች።

አገሩን ለማያውቅ ላስታውቅ። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ቺሮ ይደረሳል፤ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ። የመሰላ ወረዳም በዚያው በምዕራብ ሐረርጌ ነው። ገበሬው ማሽላና በቆሎ ይዘራል፣ ጫትና ቡና ይተክላል። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ሰዉ ብዙ። ዝናብ አንድ ጊዜ ከቀረ ራሱ ገበሬው እርዳታ ጠባቂ ይሆናል። እንዲህ ያለ አገር እንግዳ ለመቀበል ቢያመነታ ማን ይፈርድበታል?

ግን ተቀበለ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት እርዳታ በመጋዘን ውስጥ የለም፤ በሰው ቤት ነው ያለው። የመንግሥት ስንዴ በደብዳቤ ይንቀሳቀሳል፤ የረድኤት ድርጅት መኪናም ቆጠራ ሳይደረግ አይነሣም። ይህን ለነቀፌታ አላነሣሁትም፤ ለብዙ ሺህ ሰው የሚሆን እህል በዘፈቀደ አይጫንም። በመካከሉ ግን ሕፃን ይርበዋል፣ አራስ ይበርዳታል። ያቺን ሌሊት የሚይዘው «አቦ፣ ግቡ!» የሚለው ጎረቤት ነው። የማሽላ ቂጣ ይጋገራል፤ የአገሩ ትኩስ መጠጥ፣ ሆጃው፣ ይፈላል፤ የቤቱ ልጆች መሬት ወርደው ምንጣፋቸውን ለእንግዳ ይለቃሉ። ማንም የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያ አልለበሰም፤ ማንም ስሙን አልመዘገበም።

ይህ ሁሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሐረርጌ ውስጥ አፎሻ አለ፤ ሌላው አገር ዕድር እንደሚለው ያለ ማኅበር ነው። ጉዛም አለ፤ መንደሩ ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ የሚሠራበት። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኑ አዋጥቶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የተባለ የኦሮሞ ሥርዓትም አለ፤ በቅርብ ዓመታት የኦሮሚያ ክልል በዚሁ ስም የእርዳታ መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። ትልቁ ድስት የት እንዳለ፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን በየቤቱ እየዞረ እንደሚለምን አስቀድሞ የሚታወቅበት አገር ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። እነዚህ ተራሮች ስደትን ያውቁታል። በ1978 ዓ.ም፣ ደርግ የሐረርጌን ገበሬ ከየጎጆው አንሥቶ በመንደር ሲያሰባስብ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በሶማሊያ ምድር ቱግ ውጫሌ መጠለያ ገቡ። ያኔ በሸራ ሥር የተሰለፈው ሕፃን በ2010 ዓ.ም የቤት አባወራ ነው። በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አይጠይቅም።

የቺሮን ከተማ ታሪክ ከተመለከታችሁ ደግሞ ይኸው ነገር ይገጥማችኋል። በ1910ዎቹ ጨርጨርን የአስተዳደር አርአያ እንዲያደርጉ ተሾመው አሰበ ተፈሪን ያቀኑት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ጣሊያን ሲመጣ ጄኔቭ ሄደው በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩትም እሳቸው ናቸው። ዓለም አልሰማቸውም። አገራቸው ተወረረች፤ እሳቸውም ተሰድደው ብዙ ዓመት ማዳጋስካር ኖሩ። ከተማዋን ያቀናው ሰው ራሱ የሰው አገር እንጀራ በልቷል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም የተወለደው በዚያው ጦርነት ዋዜማ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም ነው። ወዲያው ጦርነቱ ደረሰ። ከውጭ በፈቃዳቸው የመጡ ሐኪሞች ቁስለኛ ሲያክሙ ከላይ ቦምብ ወረደባቸው፤ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን አምቡላንስ ቡድን በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድቧል። እንግዲህ ይህ ማኅበር ከልጅነቱ ጀምሮ ገለልተኛ መሆን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያውቃል።

አሁን ወደ 2010 ዓ.ም ልመልሳችሁ፤ የሚከብደው የታሪኩ ክፍል ገና ነው። በታኅሣሥ ወር፣ በዚሁ በምዕራብ ሐረርጌ ቆላማ ወረዳዎች፣ በዳሮ ለቡና በሀዊ ጉዲና፣ በጥቂት ቀናት 61 ሰዎች ተገደሉ። የሞቱት ኦሮሞዎችም ሶማሌዎችም ናቸው። አሁን ደግሞ ሶማሌው ጎረቤት በተራው ልጆቹን ይዞ ሸሸ። ልብ በሉ፣ ትናንት ከጅጅጋ የመጣውን አዝኖ የተቀበለ ሰው ዛሬ ከቆላ የሚሸሸውን በምን ዓይን ያየዋል? የበጎ ፈቃድ ሥራ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ለወገን ማዘን መልካም ነገር ነው፤ ግን የወገን ፍቅር ነው። የወገንህን ገዳይ ቋንቋ ለሚናገር ሕፃን ውኃ ስታቀብል ነው በጎ ፈቃደኛ የምትባለው። የቀይ መስቀል መርሆች ሰባት ናቸው፤ ከእነሱ መካከል አድልዎ አለማድረግና ገለልተኝነት የተጻፉት እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ፣ ከባድ ነው። በሁለቱ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። በፈረንጆች 2018 በግጭት ሳቢያ በአገሩ ውስጥ አዲስ የተፈናቀለ ሰው ከዓለም ሁሉ የበዛው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር፤ 2.9 ሚሊዮን። ይህን የሚችል መጋዘን የለም።

ስለ በጎ ፈቃደኛ ሥራ ስናወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ብርድ ልብስና ብስኩት ማደል ነው። እኔ ከሁሉ የማከብረው ግን በወረቀትና በስክሪብቶ የሚሠራውን ነው። ቀይ መስቀል የተጠፋፋ ቤተሰብ የማገናኘት አገልግሎት አለው። ወጣቱ ከእናትየዋ ጎን ይቀመጣል። የልጁን ስም፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም፣ የቤት ስሙን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታ ይጠይቃል። አብዱላሂ መሐመድ የሚባል ስንት ሰው አለ? አያቱ ካልተጠቀሰ፣ ቀበሌው ካልታወቀ፣ ፍለጋው መና ነው። እናትየዋ እያለቀሰች ስለምትናገር አይቸኩልም፤ የማይፈጸም ተስፋም አይሰጣትም። ስልክ ሲገኝ ያስደውላታል፤ ሳይገኝም ተመልሶ መጥቶ «ገና አላገኘንም» ይላታል። ያቺ «ገና አላገኘንም» የምትለው ቃል ከዝምታ ትሻላለች።

ይህን ሙያ የመሰላና የቺሮ ልጆች ቢማሩት የሚጠቀሙበት ለመጣው እንግዳ ብቻ አይደለም። ከዚሁ ተራራ የሚወርድ ሌላ ስደት አለ። ልጁ ከደላላ ጋር ይማከራል፤ ለእናቱ ሳይነግር በጨለማ ይወጣል፤ ጅቡቲን በእግሩ አቋርጦ ኦቦክ ይደርሳል። ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ የሳዑዲ ድንበር ነው። ሌላው በቦሳሶ በኩል ይሻገራል። ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም 260 ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን የጫነች ጀልባ ከቦሳሶ ተነሥታ የመን ዳርቻ ላይ ተገለበጠች፤ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በማግሥቱ 49 ሞተው 140 መጥፋታቸውን ተናገረ። ባሕሩን የተሻገረም ከሞት አላመለጠም፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ገልጿል። «ጠፍተዋል» የተባለው ሰው ቤት የት ነው? ስሙ ያልተመዘገበ ልጅ እናት ለዓመታት ስልክ ትጠብቃለች። ለቅሶም አትቀመጥ፣ ተስፋም አትቆርጥ።

ከሞት የተረፈውም ይመለሳል። በ2006 ዓ.ም ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባርረው በወራት ውስጥ ቦሌ ወረዱ። አንዳንዱ በባዶ እግሩ፣ አንዳንዱ አእምሮው ታውኮ። ከዚያ በኋላም መመለሱ አልቆመም። በአውሮፕላን ማረፊያው የሚቀበለው አለ፤ አምቡላንስ፣ ውኃ፣ የመሳፈሪያ ብር። ችግሩ የሚጀምረው አውቶቡሱ ቺሮ መናኸሪያ ሲያወርደው ነው። ለመሄጃው ቤተሰቡ በሬ ሸጧል፣ ተበድሯል። ልጁ ባዶ እጁን ወደ ቤት መግባት ያፍራል። ያፈረ ልጅ ደግሞ ደላላው ዘንድ ይመለሳል። መናኸሪያው ላይ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ የማይወቅሰው አንድ የአገሩ ልጅ ቢጠብቀው፣ ቤት ድረስ ቢያደርሰው፣ ከአባቱ ጋር ቢያስታርቀው፣ የስንቱ ሁለተኛ ጉዞ ይቀር ነበር!

እንግዲህ ልመናዬን ልናገር። የሚረዱን ከውጭ ሲመጡ መልካም ነው፤ ይምጡ። ግን ሥራቸውን ያቺን የመጀመሪያ ሌሊት ከያዙት ሰዎች ይጀምሩ። አፎሻውን ይጠይቁ፤ እንግዳ ያስጠጋውን ቤት ከእንግዳው እኩል ይመዝግቡ፤ እህሉ ያለቀበት እሱም ነውና። የወረዳ ሹማምንት ሆይ፣ ወጣቶቻችሁን የመጀመሪያ እርዳታና የተጠፋፋ ቤተሰብ ፍለጋ አሁን አሰልጥኗቸው፤ መኪናው ሰው ጭኖ ሲመጣ ለሥልጠና ጊዜ አይኖርም። የቀይ መስቀል አባልነት ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። መሰላ ያላችሁ፣ ቺሮ ያላችሁ፣ ሂርና ያላችሁ ልጆች፣ ተመዝገቡ። ከአፋን ኦሮሞ ሌላ ሶማልኛ ወይም ዐረብኛ የምትችሉ ቀድማችሁ ተመዝገቡ።