ኡምብሪያ፦ በቀይ ባሕር የሰጠመችው የጦር መሣሪያ ጫኝ መርከብ

(በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ በእኛ ነው ካልተባለ በቀር፥ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ከፖርት ሱዳን ወደብ ውጭ፥ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ፥ ዊንጌት የሚባል የኮራል ዓለት አለ። ስሙ ለእኛ አንባቢ የጌዴዎንን ጦር አዛዥ ኦርድ ዊንጌትን ያሳስበዋል፤ ነገር ግን እርሱ ለዘመቻው ካርቱም የገባው በ1940 ኅዳር ስለሆነ በዚህ ታሪክ ውስጥ የለበትም። ከዚሁ ዓለት አጠገብ 150 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ኡምብሪያ የተባለች የኢጣልያ መርከብ በግራ ጎኗ ተጋድማ ትገኛለች። ታችኛው ክፍሏ ከ35 ሜትር በላይ ጥልቀት ሲኖረው፥ ላይኛው ጎኗ ግን ከውሃው ገጽ ጥቂት ሜትር ብቻ ይርቃል።

ወደ እርስዋ የሚጠልቁ ሰዎች በሚጽፉት ሁሉ ስለ ዓሣዎቹ፥ በሆድዋ ስላሉት ሦስት የፊያት ኦቶሞቢሎችና ስለ ወይን ጠጅ ጠርሙሶች አብዝተው ይናገራሉ። ጭነቱ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ ግን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተን ይኸው የታለፈው መስመር ነው።

መርከቢቱ በ1911 በሐምቡርግ ስትሠራ ስምዋ ባሂያ ብላንካ ነበር። ኋላም በአርጀንቲና እጅ ቈይታ በ1935 የኢጣልያ መንግሥት ገዛትና ኡምብሪያ አላት። የተገዛችበት ዓመት ራሱ ምክንያቱን ይናገራል፤ ወታደር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለማመላለስ ነው። እንግዲህ በ1940 ወደ ቀይ ባሕር ስትመለስ ለአገራችን ጉዳይ እንግዳ አልነበረችም።

በዚያ ዓመት በግንቦት መጨረሻ ከኢጣልያ ስትነሣ የያዘችው 360,000 ያህል ቦምብ፥ ሲሚንቶና ልዩ ልዩ ዕቃ ሲሆን፥ መድረሻዋ ምጽዋ ነበረ። ኢጣልያ ገና ጦርነት ስላላወጀች፥ የስዌዝም ቦይ በ1888 ውል ለሁሉ ክፍት ስለሆነ፥ እንግሊዞች በግልጽ ሊከለክሏት አልቻሉም። ስለዚህ በልዩ ልዩ ምክንያት አዘገዩዋት፤ ኋላም ግሪምስቢ የተባለች የጦር መርከባቸው ተከትላ፥ ለፍተሻ ነው በማለት በዊንጌት አጠገብ መልሕቅ እንድትጥል አደረገቻት።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ካፒቴን ሎሬንሶ ሙዬዛን በክፍሉ ሆኖ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ሙሶሊኒ ጦርነት ማወጁን ሰማ። በመርከቢቱ ላይ የነበሩት እንግሊዞች ግን ወሬው ገና አልደረሳቸውም። ካፒቴኑ የነፍስ አድን ጀልባዎችን ልምምድ እናድርግ ብሎ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። ሠራተኞቹ ወደ ጀልባ ሲወርዱ፥ ከታች ደግሞ መካኒኮቹ ውሃ የሚያስገቡትን መዝጊያዎች ከፍተው ነበር። ፈታሾቹ ነገሩ ሲገባቸው መርከቢቱ መስጠም ጀምራለች። ካፒቴኑ በምርኮ ወደ ሕንድ ተወሰደ።

ይህ ተንኰል ብዙ ጊዜ እንደ ካፒቴኑ ድል ይተረካል። በእኔ አስተያየት ግን ግማሽ ድል ነው። ጭነቱን ከእንግሊዝ እጅ አወጣ፤ በዚያው ሰዓት ግን ምጽዋ ከሚጠብቀው ከራሱ ጦር እጅም አወጣው። ጦርነቱ ሲጀመር ስዌዝ ለኢጣልያ ስለ ተዘጋ፥ ያ የጐደለው በሌላ መርከብ ሊተካ አልቻለም። በዚህ ብቻ ጦርነቱ ተለወጠ ማለት ማጋነን ይሆናል። ይሁን እንጂ አርበኞቻችን በጐጃም፥ በሸዋና በበጌምድር ከጠላት አውሮፕላን በታች ሲዋጉ አራት ዓመት ሞልቷቸው ነበርና፥ ከእነዚህ ቦምቦች ስንቱ በማን ላይ ሊወርድ ይችል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

ከጦርነቱ በኋላ መርከቢቱን በሰፊው ያሳወቀው የኦስትሪያው ተወላጅ ሐንስ ሐስ ነው። ይህ ሰው በ1949ና በ1950 ወደ ፖርት ሱዳን መጥቶ ጠለቀባት። ኩስቶና ጋኛን በ1943 የሠሩት፥ የታመቀ አየር በጀርባ ተሸክሞ ለመጥለቅ የሚያስችለው መሣሪያ ሲስፋፋ ደግሞ፥ ሌሎች ብዙዎች ተከተሉት።

ለሥነ ሕይወት ተማሪ የዚህች መርከብ ዋና ጥቅም የሰጠመችበት ቀን መታወቁ ነው። በተፈጥሮ ዓለት ላይ የበቀለ ኮራል ዕድሜው በግምት ሲነገር፥ በኡምብሪያ ብረት ላይ የሚገኝ ኮራል ግን አንዱም ከዚያች ቀን በፊት ሊበቅል አይችልም። አዲስ ብረት ባሕር ሲገባ መጀመሪያ ረቂቅ ተሕዋስያንና አልጌ ይለብሰዋል፤ ቀጥሎም በውሃ የሚንሳፈፉ የኮራል እጮች ይጣበቁበታል። ድንጋያማው ኮራል በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ምግብ ስለሚያገኝ ብርሃን ይሻል፤ የመርከቢቱ ላይኛው ጎን ደግሞ ለገጽ ቅርብ ስለሆነ ብርሃን አላጣም። ባለ ቅርንጫፉ ዓይነት በዓመት ብዙ ሴንቲሜትር ሲያድግ፥ ድቡልቡሉ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቢጨምር ነው። ወደ ውስጥ፥ ጨለማው ሲበረታ፥ ድንጋያማው ኮራል እየቀነሰ ስፖንጅና ለስላሳ ኮራል ይተኩታል። እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፉ ትናንሽ ዓሦች ቀን በክፍሎቹ ጥላ ውስጥ ታጭቀው ይውላሉ፤ ማታ ለምግብ ይወጣሉ። እነርሱን የሚያድኑ ትላልቅ ዓሦችም በመግቢያው አድፍጠው ይጠብቃሉ።

ቦምቦቹ ዛሬም በዚያው በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። ጨው ቅርፊታቸውን ይበላል፤ ውስጡ ያለው ባሩድ ግን ከነመርዙ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ይፈንዱ ቢባል የ80 ዓመቱ ኮራል ከነዓሣው ይጠፋል፤ ለቅርቡ ወደብም ያሰጋል። ይተዉ ቢባል ደግሞ የብረቱ መበላት አይቆምም። እኔ የምደግፈው፥ ሌላው ሁሉ ከመደረጉ በፊት በየክፍሉ ያለው ተቈጥሮ ከኢጣልያ የጭነት መዝገብ ጋር እንዲመሳከር ነው። በሚያዝያ 2023 የተጀመረው የሱዳን ጦርነት ግን ይህን ሥራ እጅግ አዳጋች አድርጎታል፤ በ2025 ግንቦት ፖርት ሱዳን ራስዋ በሰው አልባ አውሮፕላን ተደብድባለች።