ከመምህርነት ወደ ሕግ አውጪነት

ትልቅ ሕግ ሁሉ ከዋሽንግተን አይመነጭም። ሎስ አንጀለስ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በጭስ ስትታፈን ካሊፎርኒያ ቀድማ የራሷን የአየር ብክለት ደንብ አወጣች። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የፌዴራል ሕግም በፌዴራል መንግሥት ፈቃድ የራሷን የመኪና ጭስ መስፈርት እንድታወጣ መብት ሰጣት።

በዚህ በር የገቡት የቀድሞዋ መምህርት ፍራን ፓቭሊ ናቸው። በ2000 ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተመረጡ። በ2002 የጸደቀው ሕጋቸው ከመኪና የሚወጣውን የሙቀት አማቂ ጋዝ በመገደብ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። አምራቾች ከሰሱ፤ የቡሽ አስተዳደር በ2007 ፈቃድ ከለከለ። በ2009 ግን የኦባማ መንግሥት ፈቀደ፤ መስፈርቱንም ለመላ አገሪቱ መነሻ አደረገው።

በአሜሪካ የምትመርጡ ወገኖች፣ ከፕሬዚዳንቱ ስም በታች የተጻፉትንም ስሞች አንብቡ። ልጆቻችሁ የሚተነፍሱት አየር በእነሱም እጅ ነው።