የማትሪክ ውጤት መንገድ ከትምህርት ቤት ደጃፍ እስከ ሰርቨር

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቈረቈሯት በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም በተሰየመው ትምህርት ቤትም ሆነ በሌሎቹ የአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ የማትሪክ ውጤት በወረቀት ታትሞ ይላክ በነበረበት ዘመን፣ ተማሪው ዕድል ፈንታውን የሚያውቀው በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተሰልፎ ነበር። ወረቀቱ እስኪደርስ ድረስ ወላጅ ሱባኤ እንደ ገባ ሰው በጸሎትና በጭንቀት ይሰነብት እንደ ነበር ያ ትውልድ አይዘነጋውም፤ ሆኖም ጠባቂው ሁሉ በየአውራጃው ተበትኖ ስለ ነበረ ሸክሙም አብሮ ተበትኖ፣ አንዱ ደጃፍ ከአቅሙ በላይ የሚጨናነቅበት ምክንያት አልነበረም።

ኢንተርኔት ሲዘረጋ ያ ሁሉ ደጃፍ ወደ አንድ ድረ ገጽ ተጠቀለለ። ኢንተርኔቱ ግን ለፈተናው በረከት ብቻ ይዞ አልመጣም፤ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ጥያቄዎቹ አስቀድመው በመሰራጨታቸው ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እንደ ገና ተሰጠ፣ በተከታዩም ዓመት በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት እንዲቋረጥ ተደረገ። ጥያቄውን ለመጠበቅ ተዘግቶ የነበረው ያው መንገድ፣ ውጤቱ በሚገለጽበት ቀን ግን እልፍ አእላፍ ወጣት በአንዲት ሰዓት የሚሽቀዳደምበት ጎዳና ሆነ። በጥር 2015 ዓ.ም. የተነገረው ውጤት የ900,000 ያህል ተፈታኞች ነበር፤ ከእነርሱም ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአንኮበር ያለች ተማሪ የመለያ ቁጥሯን በስልኳ ስታስገባ፣ የሞያሌውም የጋምቤላውም ተማሪ በዚያችው ደቂቃ የየራሱን ያስገባል። ትምህርት ሚኒስቴር ከድረ ገጹ ሌላ በአጭር የስልክ መልእክትና በቴሌግራም ጭምር ውጤት መስጠቱ ይህን ሸክም በጥቂቱ የሚከፋፍል መልካም ሥራ ነው።

እንዲህ ላለው የአንድ ቀን ጎርፍ በውጭው ዓለም የተበጀ ብልሃት አለ። በ1998 ዓ.ም. ኮምፒዩተሮቹን በሰዓት ማከራየት የጀመረው አማዞን፣ በ2001 ዓ.ም. ሦስት አገልግሎቶችን በአንድነት አወጣ፤ እነርሱም የሰርቨሮችን፣ ማለትም ጠያቂ የሚያስተናግዱትን ኮምፒዩተሮች፣ ሁኔታ መዓልትና ሌሊት የሚከታተል፣ ጠያቂውን ለየሰርቨሩ የሚያከፋፍል፣ እንዲሁም የታየውን መዝኖ ሰርቨር የሚጨምርና የሚቀንስ ናቸው። የማቀነባበሪያው ሥራ ለምሳሌ ከ70 በመቶ በላይ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃ ከቆየ ተጨማሪ ሰርቨር ይነሣል፤ ጭነቱ ሲቀልም ትርፉ ይመለስና ኪራዩ ይቆማል። ይኸው ድርጅት በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኬፕ ታውን ማእከል ከፍቶ ወደ አህጉራችን ቀርቧል።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ብቻውን ለውጤት ቀን ይበቃል ብዬ አላምንም። አዲስ ሰርቨር ተነሥቶ እስኪሰናዳ ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ተማሪው ግን ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይደርሳል፤ ሰርቨሩም ቢበዛ ሁሉም መልስ የሚለምነው ከአንድ የመረጃ ቋት ከሆነ፣ ጭንቁ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም። ደግነቱ የአንድ ተማሪ ውጤት ከተገለጸ በኋላ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ቅጂው በብዙ ሰርቨሮች ላይ አስቀድሞ ሊቀመጥ ይችላል። የነጋዴ ገበያ በድንገት ሊደራ ይችላል፣ የውጤትን ሰዓት ግን የሚወስነው ራሱ አውጪው ነውና፣ ሰርቨሮቹን ከዋዜማው ማሰናዳትና ቀኑ ሲያልፍ መመለስ በእጁ ያለ ነገር ነው። የተመዘገበው ተፈታኝ ቁጥርም አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣ ሰርቨሮቹ ይችሉት እንደ ሆነ ከሳምንታት በፊት በሰው ሠራሽ ጠያቂዎች ሊፈተኑ ይገባል።