ምጥን በመድኃኒት ማስጀመር፦ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ለሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶችና ቤተሰቦቻቸው

ምጥን በመድኃኒት ማስጀመር ማለት ምጥ በራሱ ጊዜ ሳይመጣ፣ በሐኪም ውሳኔ የማኅፀን በርን በማለስለስና ማኅፀን እንዲኮማተር በማድረግ እናቲቱ እንድትወልድ የሚሰጥ የሕክምና አገልግሎት ነው። በራሱ ጀምሮ የተዳከመን ምጥ በመድኃኒት ከማገዝ ይለያል። ሕፃኑ እንደተወለደ የደም መፍሰስን ለመከላከል እናቲቱ ጭኗ ላይ ከምትወጋው መርፌም እንዲሁ የተለየ ነው። በኅብረተሰቡ ዘንድ ሦስቱም «የምጥ መርፌ» በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ፣ አንዷ እናት ስለ አንዱ የተናገረችው ሌላዋን ስለ ሌላው ሲያስፈራራት ይስተዋላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ነው።

አገልግሎቱ በጤና ኬላም ሆነ በተለመደው የጤና ጣቢያ አይሰጥም። ምጥ በመድኃኒት ሲጀመር የእናቲቱንና የፅንሱን ሁኔታ በቅርብ መከታተል፣ ካስፈለገም ሳይዘገዩ በቀዶ ጥገና ማዋለድ ግድ ስለሚል ሆስፒታል ያስፈልጋል። በመሆኑም በደንቆሮ ጫካ ዙሪያ ካለው ውርጭ ጀምሮ ዓባይ ሸለቆ እስካለው ቆላ ድረስ ለምትኖር የቦረና፣ የወግዲ፣ የከላላ ወይም የሳይንት እናት፣ ጉዳዩ ከሕክምናው ባልተናነሰ የመንገድና የቀን ቆጠራ ጉዳይ ነው።

ምክንያቶቹ

ሐኪም ምጥ እንዲጀመር የሚወስነው እርግዝናው ቢቀጥል የሚያስከትለው ጉዳት ከመውለድ የሚበልጥ ሆኖ ሲያገኘው ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ምክንያት የመውለጃ ቀን ማለፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 41 ሳምንት መሙላቷ በእርግጠኝነት ለታወቀ እናት ምጥ እንዲጀመርላት ይመክራል። ከዚያ በኋላ የእንግዴ ልጁ አቅም እየቀነሰ፣ የእንሽርት ውሃው መጠን እያነሰ፣ ፅንሱ በማኅፀን ውስጥ የመሞት ዕድሉም ከፍ እያለ ይሄዳል። «ልጁ ጊዜው ሲደርስ ይመጣል» የሚለው የቆየ አነጋገር እስከ አርባኛው ሳምንት ያስኬዳል፤ ከአርባ አንደኛው በኋላ ግን ሊታመኑበት አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ነው። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከእንብርት በላይ የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት የታየባት እናት ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ዕለት መታየት አለባት። ግፊቱ ወደ ማንቀጥቀጥ ሊሸጋገር የሚችል ሲሆን፣ የበሽታው መፍትሔ መውለድ ነው። ከዚህ ሌላ የእንሽርት ውሃ ፈስሶ ምጥ ሳይከተል ሲቀር፣ እናቲቱ የስኳር ሕመም ሲኖርባት፣ ፅንሱ በሚጠበቀው መጠን ሳያድግ ሲቀር፣ እንዲሁም ፅንሱ በማኅፀን ውስጥ ሕይወቱ ሲያልፍ አገልግሎቱ ይሰጣል። በመጨረሻው ሁኔታ ላይ የምትገኝ እናት ከሌሎች ወላጆች ራቅ ያለ ቦታና ከጎኗ የማይለይ ሰው ያስፈልጋታል፤ ቤተሰብ ይህንኑ ከመጠየቅ ሊያፍር አይገባም።

በሌላ በኩል የእንግዴ ልጁ የማኅፀኑን በር ዘግቶ ከተቀመጠ፣ ፅንሱ አግድም ከተኛ፣ ወይም ማኅፀኗ ከዚህ ቀደም ተተርትሮ ከነበረ ምጥ አይጀመርም። ለበዓል ለመድረስ ወይም ለቤተሰብ ምቾት ሲባልም አይደረግም።

ቀኑን በእርግጠኝነት ማወቅ

ከላይ የተገለጸው 41 ሳምንት ትርጉም የሚኖረው የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበት ቀን ሲታወቅ ነው። ቀኑ ተሳስቶ የ37 ሳምንት ፅንስ የ41 ነው ቢባል ሳምባው በሚገባ ያልጠነከረ ሕፃን ይወለዳል፤ በተቃራኒው የ42 ሳምንቱ የ39 ነው ከተባለ ሕፃኑ ሳይታወቅ አደጋ ላይ ይቆያል።

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው። የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል። እርግዝናው ጳጉሜን የሚያልፍ ከሆነ የሚደመረው 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ይሆናል። ለምሳሌ የመጨረሻው የወር አበባዋ በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 የጀመረ እናት የመውለጃ ቀኗ ሰኔ 27 ነው፤ 41 ሳምንት የምትሞላው ሐምሌ 4 ይሆናል። የጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 የጀመረላት እናት ግን ጳጉሜን ስለምታልፍ የመውለጃ ቀኗ ጥቅምት 17፣ 41 ሳምንት የምትሞላው ጥቅምት 24 ነው። የመጀመሪያዋ እናት ቀኗ የሚደርሰው ክረምቱ ሲበረታ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሁለተኛዋ መንገዱ ከደረቀ በኋላ ትወልዳለች።

በአካባቢው ብዙ እናቶች ቀኑን የሚያስታውሱት በበዓልና በጾም፣ በገበያ ቀን ወይም በእርሻ ሥራ ነው። ይህ ዋጋ ያለው መረጃ በመሆኑ ባለሙያ ሊንቀው አይገባም፤ «ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው» የሚል መልስ ወደ ትክክለኛ ቀን ሊለወጥ ይችላል። በረመዳን የሚያስታውሱ እናቶች ግን የየትኛው ዓመት ረመዳን እንደሆነ መግለጽ አለባቸው፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ባለፈው ዓመት የዋለበትን ወር ይዞ መቁጠር ያሳስታል። ጡት እያጠቡ ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ላይ እያሉ ያረገዙ እናቶች የወር አበባ ቀን ስለማይኖራቸው በአልትራሳውንድ መለካት ያስፈልጋቸዋል። ልኬቱ አስተማማኝ የሚሆነው ከ24ኛው ሳምንት በፊት፣ ይበልጡንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲደረግ ነው። በዘጠነኛው ወር የሚደረግ አልትራሳውንድ የፅንሱን አቀማመጥና የእንሽርት ውሃውን መጠን ያሳያል እንጂ ዕድሜውን በእርግጠኝነት አይናገርም። የቅድመ ወሊድ ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ይጀመር የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሆስፒታል የሚጠብቅዎ

በመጀመሪያ ሐኪም ወይም ሚድዋይፍ የደም ግፊትዎን፣ የፅንሱን አቀማመጥና የልብ ምት ይመረምራሉ፤ ቀጥሎም በማኅፀን ምርመራ የማኅፀኑ በር ምን ያህል እንደለሰለሰ፣ እንዳጠረና እንደተከፈተ ያያሉ። የሚመረጠው ዘዴ የሚወሰነው በዚህ ምርመራ ነው። ከመጀመሩ በፊት ምክንያቱን፣ ዘዴውንና ቢጠበቅ ምን ሊከተል እንደሚችል የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ያለ ፈቃድዎ አይጀመርም።

የማኅፀኑ በር ገና ጠንካራና ዝግ ከሆነ መጀመሪያ ማለስለስ ያስፈልጋል። አንዱ መንገድ ሚሶፕሮስቶል የተባለውን መድኃኒት እጅግ በትንሽ መጠን፣ 25 ማይክሮ ግራም ብቻ፣ በአፍ ወይም በብልት በኩል በተወሰነ ሰዓት ልዩነት መስጠት ነው። ሌላው ጫፉ ላይ የሚነፋ ፊኛ ያለው ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በማኅፀኑ በር ማስገባት ነው። ቱቦው ለሽንት የሚያገለግለው ዓይነት በመሆኑ በስሕተት የገባ መስሏት የምትደነግጥ እናት አትጠፋም። ፊኛው በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ በሩን ቀስ በቀስ ይከፍተዋል፤ ሲበቃው በራሱ ይወጣል፣ ካልሆነም ባለሙያ ያወጣዋል።

በሩ ከለሰለሰ በኋላ ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት ከግሉኮስ ወይም ከሌላ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ በደም ሥር በጠብታ ይሰጣል። የጠብታው ፍጥነት ከትንሽ ተነሥቶ በየ30 ደቂቃው ከፍ ይላል፤ የሚፈለገው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ያህል፣ እያንዳንዳቸው ከ40 ሰከንድ በላይ የሚቆዩ የምጥ ሕመሞች እስኪመጡ ነው። በ10 ደቂቃ ከአምስት በላይ ከሆኑ በዝቷል ማለት ስለሆነ ጠብታው ይቀነሳል ወይም ይቆማል። የፅንሱ የልብ ምት በየ15 እና በየ30 ደቂቃው ይደመጣል። የእንሽርት ከረጢቱንም ባለሙያ ሊቀድደው ይችላል። ጠብታውን አስታማሚ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። «ቶሎ ትገላገል» በሚል ቅንነት መቆጣጠሪያውን ማላላት ፅንሱን ሊያፍን፣ ማኅፀንንም ሊተረትር ይችላል።

እናቶችን በጣም የሚያስጨንቀው የሚወስደው ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድና የማኅፀኗ በር ያልለሰለሰ እናት ከመጀመሪያው መድኃኒት እስከ ወሊድ ከአንድ ቀን በላይ፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ልትቆይ ትችላለች። ከዚህ ቀደም የወለደች ብዙ ጊዜ ይፈጥንላታል። ይህ መዘግየት ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ከጠብታ በኋላ የሚመጣው ምጥ በራሱ ከሚመጣው ይልቅ ቶሎ የሚበረታ ሊመስል ይችላል፤ የወገብ ማደንዘዣ ደግሞ በአብዛኞቹ የአገራችን ሆስፒታሎች ለምጥ አይሰጥም። መንቀሳቀስ ሲፈቀድ መራመድ፣ በጎን መተኛት፣ ወገብን ማሸት፣ ውሃና አጥሚት መጎንጨት ይረዳል። የእናት፣ የእህት ወይም የባለቤት አብሮ መሆን ከማጽናናት በላይ ጥቅም አለው።

«ምጥ ካስጀመሩ መጨረሻው መቀደድ ነው» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ቀናቸው ላለፈ እናቶች ምጥ ማስጀመር የፅንስ ሞትን የሚቀንስ ሲሆን፣ ከመጠበቅ ይልቅ በቀዶ ጥገና የመውለድን ዕድል የሚጨምር ሆኖ አልተገኘም። መድኃኒቱ በተገቢው ጊዜ ካልሠራ ወይም የፅንሱ የልብ ምት ከተዛባ ግን ቀዶ ጥገና ይደረጋል፤ ለዚህ አስቀድሞ በአሳብ መዘጋጀት ይገባል።

በቤት ውስጥ ፈጽሞ የማይሞከር

ሚሶፕሮስቶል በአገራችን ለሌላ አገልግሎትም ይታወቃል፤ ይኸውም ከወሊድ በኋላ የሚመጣን የደም መፍሰስ ለመከላከል ነው። ለዚህ የሚሰጠው ባለ 200 ማይክሮ ግራም ሦስት እንክብል፣ በድምሩ 600 ማይክሮ ግራም ነው። ይህ መጠን ምጥ ለማስጀመር ከሚሰጠው አንድ ጊዜ መጠን 24 እጥፍ ይሆናል። ሕፃኑ ከወጣ በኋላ ሕይወት የሚያተርፈው እንክብል፣ ሕፃኑ ሳይወጣ ቢዋጥ ማኅፀንን ሊተረትርና እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከመድኃኒት መደብር ተገዝቶም ሆነ ከጎረቤት ተወስዶ ምጥ ለማስመጣት አይዋጥም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ የደም መፍሰስ፣ የደም ግፊትና የማኅፀን መተርተር ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው።

ሆድን በቅቤ አጥብቆ ማሸትና ፅንሱን ወደ ታች መግፋትም ጉዳት ያስከትላል። ምጥ ለማምጣት የሚቀመሙ ሥራሥሮችም መጠናቸውና ውጤታቸው ስለማይታወቅ ሊወሰዱ አይገባም፤ የወሰደች እናት ካለች ግን ለሐኪሙ ሳትደብቅ ትንገር፣ በላዩ የሚጨመረው መድኃኒት የሚወሰነው ይህ ሲታወቅ ነውና። ተልባ መጠጣት የተለመደ ነው፤ ምጥ ያስጀምራል ብሎ ተማምኖ ቀጠሮ ማሳለፍ ግን አይገባም። የማርያም ስም መጥራትና ዱዓ ማድረግ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ በማዋለጃ ክፍልም አይከለከልም።

ጉዞና ቆይታ

ቀኗ የተቃረበ እናት፣ በተለይም በእግር ወይም በቃሬዛ ካልሆነ ወደ መኪና መንገድ በማያስወጣ ቀበሌ የምትኖር፣ 41ኛው ሳምንት እስኪሞላ ቤቷ መጠበቅ የለባትም። በክረምት ወንዝ ሲሞላ፣ በሌላ ጊዜም መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስ መድረስ የማይችልበት ሁኔታ ያጋጥማል። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ያዘጋጁት የእናቶች ማቆያ ለዚህ ያገለግላል። በአገራችን አሠራሩ በ1976 እ.ኤ.አ. በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል የተጀመረ ነው። ማቆያው ያለው በጤና ጣቢያ ከሆነ፣ የመውለጃ ቀን እንዳለፈ ወደ ሆስፒታል የሚላኩበትን ቀን አስቀድመው ከሚድዋይፏ ጋር ይወስኑ። እንደየቀበሌው ቅርበት መካነ ሰላም፣ አቀስታ ወይም ሌላ ቀዶ ጥገና የሚሰጥ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሕክምና ካስፈለገ ወደ ደሴ ይላካሉ።

የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት ከክፍያ ነፃ ነው፤ የአስታማሚ ስንቅና የመመለሻ ወጪ ግን አለ። ቆይታው ሁለትና ሦስት ቀን ሊሆን ስለሚችል ስንቁ በዚያው ልክ ይሁን። የክትትል ካርድ፣ ለሕፃኑ መጠቅለያ ልብስ፣ ደም ቢያስፈልግ ሊሰጥ የሚችል ጤነኛ ዘመድ አብሮ ቢኖር መልካም ነው። በጉዞ ላይ ወይም በማቆያ ሳሉ ደም ከፈሰሰ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ የእንሽርት ውሃው አረንጓዴ ወይም ሽታ ያለው ሆኖ ከወጣ ወዲያውኑ ለባለሙያ ይንገሩ።

ከወሊድ በኋላ እናቲቱ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በተቋሙ ትቆያለች። ለረጅም ሰዓት በጠብታ ሲሠራ የቆየ ማኅፀን ሊዝልና ብዙ ደም ሊፈስ ስለሚችል፣ ከዚያ በፊት «ደኅና ነኝ» ብሎ መውጣት አይመከርም። አንድ ጊዜ ምጥ በመድኃኒት የተጀመረላት እናት በሚቀጥለው እርግዝናዋ እንዲሁ ይሆናል ማለት አይደለም። በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ግን ይህንኑ በሚቀጥለው እርግዝና የመጀመሪያ የክትትል ቀን ለባለሙያ መናገር ይኖርባታል፤ ማኅፀኗ ጠባሳ ስላለው ሚሶፕሮስቶል አይሰጣትም፣ የምትወልደውም በሆስፒታል መሆን አለበት።