«ኢኮኖሚክስ አይደለም» የተባለው ጥናት

ዛሬ በፋይናንስ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው የሃሪ ማርኮዊትዝን ቀመር ሳይሠራ አይመረቅም። የቀመሩን ባለቤት ግን ዲግሪ ሊያሳጣው ምንም አልቀረውም ነበር።

በ1950 (እ.ኤ.አ.) ግድም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርኮዊትዝ የመመረቂያ ርዕስ ሊያማክር ፕሮፌሰር ጃኮብ ማርሻክ ቢሮ ተራ ሲጠብቅ፣ አብሮት የተቀመጠ የአክሲዮን ደላላ የአክሲዮን ገበያን እንዲያጠና ሐሳብ አቀረበለት። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በ1938 የታተመውን የጆን በር ዊሊያምስን መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ነገር ቆረቆረው። በመጽሐፉ ስሌት ከተሄደ ባለሀብት ገንዘቡን ሁሉ የተሻለ ያተርፋል ባለው አንድ አክሲዮን ላይ ማፍሰስ አለበት። ማን እንዲህ ያደርጋል? ሰው ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ኪሳራም ስለሚፈራ ነው። ስለዚህ ስጋትን በቫሪያንስ (ትርፉ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ በሚያሳይ መለኪያ) ለካው፤ አክሲዮኖች አብረው የመውጣትና የመውረድ ዝንባሌያቸውንም ከስሌቱ አስገባ። ጽሑፉ በ1952 ታተመ።

በመመረቂያ ጽሑፉ ፈተና ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ የነበረው ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማን ሥራው ኢኮኖሚክስም፣ ሒሳብም፣ ቢዝነስ አስተዳደርም አይደለም ሲል ሞገተው። ማርሻክ ደግሞ ሥነ ጽሑፍም አይደለም ብሎ ጨመረበት (ቀልዱ በዚያች ሰዓት ተፈታኙን ያሳቀው አይመስልም)። ኮሪደር ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ካስጠበቁት በኋላ ግን ማርሻክ ወጥቶ «እንኳን ደስ አለህ፣ ዶክተር» አለው።

በ1990 ከመርተን ሚለርና ከዊሊያም ሻርፕ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ ማርኮዊትዝ የፍሪድማንን ሙግት ለያኔው ዘመን ተቀብሎ፣ አሁን ግን ጥናቱ ከኢኮኖሚክስ ተቆጥሯል አለ።