ገንቦና በርሜል

ይፋግን ታሪክ የሚያነሣው በገበያው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ወደ ደቡብ የሚወርደው ነጋዴ በዚያ ያርፍ፣ በአሞሌና በማርያ ቴሬዛ ብር ይገበያይ ነበር። የዘመኑ የውጭ አገር መንገደኞች በአካባቢው ወይን ይተከል እንደነበር ጭምር ጽፈዋል። ጠጁ የመኳንንቱ ነበር፤ ድሀው ጠላውን ይጠጣል። ስሙን ከዐረብኛ የወሰድነው አረቄ ደግሞ የገበያተኛው ሆነ።

አሠራሩን ከእናቶቻችን ጓዳ እናውቀዋለን። ዳጉሳው፣ ብቅሉና ጌሾው ተጠንስሶ ይሰነብታል። ከዚያ ገንቦው ይጣዳል፤ አፉ ይመረጋል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ወርዶ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ ይጠራቀማል። መጀመሪያ የወጣው ተራ፣ እንደገና የወጣው ዳግም ይባላል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከገባ ወዲህማ ከሩዝም ይወጣል።

ታዲያ ስኮትላንዶች የሚኮሩበት ሲንግል ሞልት ዊስኪ ምንድን ነው? ከገብስ ብቅል ብቻ በአንድ ፋብሪካ የወጣ አረቄ ነው። ብቅል እኮ በእኛም ጓዳ አለ! ልዩነቱ የሚመጣው ከእሳቱ በኋላ ነው። የእነርሱ በባሉጥ እንጨት በርሜል ገብቶ ይከርማል፤ ከእንጨቱ ቀለምና ጣዕም ይወስዳል። በየዓመቱ 2 ከመቶ ያህሉ ይተናል፤ ይህን "የመላእክት ድርሻ" ይሉታል። መጋዘኑም ለረጅም ዘመን በሁለት ቁልፍ ይዘጋ ነበር፦ አንዱ በባለፋብሪካው፣ ሌላው በቀረጥ ሹሙ እጅ።

ነገሩ ግን ከጥንት እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. የ1823 ሕግ በ10 ፓውንድ ፈቃድ መሥራትን እስኪያመቻች ድረስ፣ ብዙው ዊስኪ በየሸለቆው ተደብቆ የሚወጣና ሳይከርም የሚጠጣ ነበር። ሦስት ዓመት ማስከረም በሕግ ግዴታ የሆነውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ዊስኪውን ያስረጁት መጋዘን፣ ብድርና እስኪሸጥ የሚታገሥ ቀረጥ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1926 የማካለን ፋብሪካ የሞላው በርሜል ቁጥር 263 የተከፈተው በ1986 ነው። የወጣው 40 ጠርሙስ ብቻ! በ2023 ለንደን ላይ አንዷ ጠርሙስ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠች። ስድሳ ዓመት መታገሥ የሚችል ማነው? የዛሬ እንጀራው ያላሳሰበው ብቻ ነው።

የእኛዋ እናት ለመላእክት የምታካፍለው የላትም። የጣደችው ለገበያው ቀን መድረስ አለበት፤ የጨው፣ የጋዝና የደብተር ዋጋ ነውና። ብዙዎቻችን በአረቄ ገንዘብ በተገዛ ደብተር ፊደል ቆጥረናል። አረቄው አልከረመም ብለን ብልሃቷን ብንንቅ፣ የምንንቀው ራሳችንን ነው።

እንግዲህ ለክረምት ወደየቤታችን ስንገባ እርሳስና ወረቀት ይዘን ምድጃው ዳር እንቀመጥ። የስንቱን ቀን ጥንስስ፣ የየትኛውን እህል፣ ከማን እንደተማሩት ጠይቀን እንጻፍ። የስኮትላንዱ በርሜል ቁጥርና መዝገብ አለው። የእናቶቻችን ገንቦ የሚመዘገበው ከእኛ በቀር በማን ነው?