ፎንቱ ያልታወቀ ፋይል

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአማርኛ የተተየበ ጥናት ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ ብዙ ጊዜ ስክሪኑን የሚሞላው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምርምር መረጃ አያያዝ ሳስተምር ከዚህ ዘመን የምነሳው ጉዳቱ የራሳችን ስለሆነ፣ መንስኤውም በደንብ ስለሚታወቅ ነው።

ያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 የበለጠ የፊደል ቦታ አልነበረውም። የእኛ 33 ሆሄያት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲረቡ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያም በላይ ለሆኑ ፎንቶች አካፈሉት፤ ሁሉም በየራሱ ቅደም ተከተል። አጋፋሪ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ በየቢሮው ገቡ። በአንዱ የ«ለ» የነበረው ቁጥር በሌላው የሌላ ፊደል ሆነ። ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ የቻልነው በእነሱ ድካም ነው።

በ1999 የወጣው ዓለም አቀፉ የፊደላት ቁጥር መስፈርት፣ ዩኒኮድ 3.0፣ ለፊደላችን 345 ቋሚ ቁጥሮች ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈው በየትኛውም ዘመናዊ መሣሪያ ይነበባል። ቀድሞ የተጻፈው ግን ባለበት ቀረ። እሱን ለመለወጥ በየትኛው ፎንት እንደተተየበ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን በማስታወሻ የያዘ ተመራማሪ ደግሞ ጥቂት ነው። የታተመው የመመረቂያ ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ። ከሥሩ ያለው ነገር፣ ለጥናቱ የተጠየቁ ሽማግሌዎች ቃል በቃል የተናገሩት፣ ተረቱ፣ የአካባቢው የእርሻ አጠራር፣ የመጠይቁ መልስ፣ 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ ፍሎፒ ላይ ቀርቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ተመልሶ የሚጠየቅ የለም።

የማቆየት ልምዱ አልነበረንም እንዳይባል፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሳት ተጀምሮ በሃያ ዓመት ያህል ውስጥ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሙ አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪልም ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ተሰጠው። ከ1976 ጀምሮ በኮሌጅቪል የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ይዘቱን እየመረመሩ በዝርዝር መዘገቡት፤ እኔ ከፊልሙ እኩል የማከብረው ይህን ምዝገባ ነው። ፊልም ደግሞ ብርሃንና ማጉያ ካለ ይነበባል፣ የተለየ ፕሮግራም አይጠይቅም። ከተነሡት መጻሕፍት ዛሬ የት እንዳሉ የማይታወቁ አሉ፤ ጽሑፋቸው ግን በእጃችን ነው። ኮፒውን በሁለት አገር ማኖር፣ ምን እንደሆነ መጻፍ፣ ነገ በሚነበብ መልክ መያዝ፦ ፍሎፒው ላይ የጎደለው ይኸው ነበር።

መረጃ ማኖር ያለ ሥልጠና አይሆንም፤ አሜሪካ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1962 የተቋቋመው የማኅበራዊ ሳይንስ መረጃ ማኅደር ገና በማግሥቱ ዓመት ለተመራማሪዎች የክረምት ሥልጠና ጀመረ። እኛ ዘንድ በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። ደግ ነው። ሆኖም የማይነበብ ፋይል ክፍት ቢሆንም አይጠቅምም። የመረጃ አያያዝ ሥልጠናው መሰጠት ያለበት ተማሪው የጥናት ንድፉን ሲያቀርብ፣ ገና መስክ ሳይወጣ ነው፤ ለምረቃ ሲጣደፍ የሚሰማ ጆሮ የለውም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ዘመን የቀረ ፍሎፒ ወይም ሲዲ በእጅዎ ካለ አይጣሉት። በየትኛው ፎንት እንደተየቡ፣ የትና መቼ እንደሰበሰቡት እርስዎ በሕይወት ሳሉ በወረቀት ጽፈው አብረው ያስቀምጡ፤ ከዚያም ለዩኒቨርሲቲዎ ቤተ መጻሕፍት ያስረክቡ።